ብርሃን ከቀስቱ የትኛውን ክፍል ያሳየናል? ስለ ቬክተር መስክ ከባሕር ዳር

የቬክተር መስክን በሰሌዳ ላይ ማስተማር ብዙ አያስቸግርም። ተማሪው በየነጥቡ ቀስት ይሥላል፤ የቀስቱ ርዝመት መጠንን፣ ጫፉ ደግሞ አቅጣጫን እንደሚያመለክት ያውቃል፤ ዳይቨርጀንሱን (ከነጥቡ ዙሪያ ያለውን መስፋፋት) እና ከርሉን (በነጥቡ ላይ ያለውን መሽከርከር) በቀመር አስልቶ ትክክለኛውን መልስ ያወጣል። ይኸው ተማሪ በአባይ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት ግን ያሰላው ነገር ከእግሩ ሥር እየፈሰሰ መሆኑን ልብ አይልም፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ማግኔት ሲሰጠውም በባዶው አየር ውስጥ በየነጥቡ ቀስት አለ የሚለው አባባል ከቃል ያለፈ ትርጉም አይሰጠውም። እኔ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከኦፕቲክስ፣ ማለትም ከብርሃን ጥናት፣ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ብርሃን በሚፈስ ውኃ ወይም በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲያልፍ ቀስቱን ሙሉውን አያሳየንም፤ አንድ ክፍሉን ብቻ ይዞ ይወጣል። የትኛውን ክፍል ይዞ እንደወጣና የትኛውን እንደተወ መጠየቅ ስንጀምር የመስኩን ጠባይም መረዳት እንጀምራለን።

ከድልድዩ እንነሣ። አባይ ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን ሲያቋርጥ ፍሰቱን የሚያሳየን ውኃው ራሱ ሳይሆን በላዩ የሚሄደው ነገር ነው፦ አረፋ፣ ቅጠል፣ ከሐይቁ ተገንጥሎ የሚወርድ እንቦጭ። ከእነዚህ ውስጥ እንቦጭ የሚታመን ምስክር አይደለም፤ ቅጠሉ ከውኃው በላይ ቆሞ ነፋስ ስለሚቀበል የሚሄደው ግማሹን በውኃው፣ ግማሹን በነፋሱ ፈቃድ ነው። አረፋው ከእንቦጩ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን የሚነግረን የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ከገጹ በታች ያለውን እንዳናይ ደግሞ ደለሉ ይከለክለናል። ጣና ጥልቅ ከሚባለው ቦታው ላይ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ ከሥሩ ደለል እያነሣ ያደፈርሰዋል፤ ወደ ውኃው የገባ ብርሃንም በደለሉ ቅንጣቶች ተበትኖ ሩቅ ሳይሄድ ይጠፋል።

በወንዙ ላይ እንቅፋት የሆነብን ይህ ደለል በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ዋና ረዳታችን ይሆናል። አንድ ብርጭቆ የጣና ውኃ ቀድቶ በንጹሕ ውኃ በተሞላ የዓሣ ማሳደጊያ ገንዳ ውስጥ መጨመርና ከባድ ከባዱ አሸዋ ወደ ሥር እስኪወርድ ጥቂት መጠበቅ ነው። የሚቀረው ደለል እጅግ ደቃቅ ነው። ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ የሆነ የአፈር ቅንጣት በረጋ ውኃ ውስጥ የሚሰጥመው በሰከንድ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ፍጥነት ስለሆነ፣ ውኃው በሰከንድ በርካታ ሴንቲሜትር ሲንቀሳቀስ ቅንጣቱ ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ቀጥሎ የአንድ አነስተኛ አረንጓዴ ሌዘር ጨረር በቀጭን የመስታወት ዘንግ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ዘንጉ ጨረሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚዘረጋው በገንዳው ውስጥ እንደ ወረቀት የሳሳ የብርሃን ጠለል ይፈጠራል፤ ከዚያ ጠለል ውጭ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ሌዘሩ ደካማ እንኳ ቢሆን ከገንዳው መስታወት ላይ የሚንጸባረቀው ጨረር ወደ ዓይን እንዳይገባ ተማሪዎችን በተገቢው ቦታ ማቆም የግድ ነው።

ውኃው በማንኪያ ሲነቃነቅ በብርሃኑ ጠለል ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እንደ ኮከብ ብልጭ እያሉ ይጓዛሉ። በስልክ ካሜራ፣ መክፈቻው ለአንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ሲነሣ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት በፎቶው ላይ አጭር ጭረት ይሆናል። ጭረቱ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ቅንጣቱ በሰከንድ 12 ሴንቲሜትር ይጓዝ ነበር ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከአንድ ፎቶ ላይ የአንድ ሙሉ ጠለል የፍጥነት ካርታ ይወጣል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ ከመካከላቸው አስተዋይ የሆነው ግን ብዙ ሳይቆይ፣ «መምህር፣ መስመሩንስ አየነው፤ የቀስቱ ጫፍ ግን በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው እጅግ ተገቢ ነው። ጭረቱ ቅንጣቱ የተጓዘበትን መስመርና የጉዞውን ርዝመት ይዟል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ ወይስ ከቀኝ ወደ ግራ ግን አልያዘም። በወረቀት ላይ ተነስንሶ ከሥሩ ማግኔት የተደረገበት የብረት ብናኝም ልክ እንዲሁ ነው። ብናኙ በመስኩ መስመር ላይ ይሰለፋል፤ ማግኔቱን ገልብጠን ሰሜኑን በደቡብ ብንተካው ግን ሥዕሉ አንዲት ነጥብ አይለወጥም። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት ከምናያቸው የመስክ ሥዕሎች ውስጥ ሁለቱ ዋነኞቹ፣ የፍሰት ጭረትና የብረት ብናኝ፣ ቀስት ሳይሆኑ ጫፍ የሌላቸው መስመሮች ናቸው። ጫፉን ለማግኘት ተጨማሪ ዕውቀት ያስፈልጋል። በፈሳሽ በኩል የዘመኑ ላቦራቶሪዎች ይህን የሚፈቱት በሁለት አጫጭር የሌዘር ብልጭታዎች ነው። ብዙ ጊዜ የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ሌዘር ሁለት ጊዜ ይበራል፤ በሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ላይ የቅንጣቶቹ አቀማመጥ ይመዘገባል፤ ኮምፒውተር ደግሞ የመጀመሪያውን ፎቶ እያንዳንዱን ቁራጭ በሁለተኛው ውስጥ እየፈለገ ወዴትና ምን ያህል እንደተዛወረ ያሰላል። የቱ ፎቶ እንደሚቀድም ስለሚታወቅ የቀስቱ ጫፍ ይገኛል። ያም ሆኖ ወደ ካሜራው የሚመጣው ወይም ከካሜራው የሚርቀው እንቅስቃሴ ይቀራል፤ እርሱን ለማግኘት ሁለተኛ ካሜራ ከሌላ ማዕዘን መቆም አለበት።

በማግኔት በኩል ጫፉን የሚሰጠን ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1845 ያገኘው ነገር ነው። ፋራዳይ እርሳስ ያለበት ከባድ መስታወት በኃይለኛ ኤሌክትሮማግኔት አጠገብ አስቀምጦ፣ ፖላራይዝድ የሆነ፣ ማለትም ሞገዱ በአንድ ጠለል ብቻ የሚወዛወዝ፣ ብርሃን በመስኩ አቅጣጫ አሳለፈበት፤ የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት ጠለልም ዞሮ አገኘው። የዙረቱ መጠን ከሦስት ነገሮች ብዜት ይገኛል፦ ከቁሱ ባሕርይ፣ ብርሃኑ ከተጓዘው ርዝመትና በጉዞው መስመር ላይ ካለው የመግነጢሳዊ መስክ ክፍል። መስኩ ሲገለበጥ ዙረቱም ይገለበጣል፤ የብረት ብናኝ የደበቀውን ጫፍ ብርሃን እንዲህ አድርጎ ይገልጠዋል። ውኃ እንኳ ይህ ባሕርይ አለው፤ 0.1 ቴስላ በሆነ መስክ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር የተጓዘ ቢጫ የሶዲየም ብርሃን 2 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ልብ ማለት የሚገባን ግን ብርሃኑ የሚደምረው በጉዞው መስመር ላይ ያለውን የመስኩን ክፍል ብቻ መሆኑን ነው። መስኩ ከጨረሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሠራ ይህ ዙረት የለም፤ የቱንም ያህል ኃይለኛ መስክ ቢሆን።

በፈሳሽ ዓለም የዚህ ወንድም የሆነ ሙከራ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስተምር ሰው ብዙ አላየሁም፤ ይህም ያሳዝነኛል። ፈረንሳዊው ኢፖሊት ፊዞ እ.ኤ.አ. በ1851 አንድን ብርሃን ለሁለት ከፍሎ ውኃ በሚፈስባቸው ቱቦዎች ውስጥ በአንድ ዝግ መንገድ በተቃራኒ አቅጣጫ አዞራቸው፤ አንደኛው ጨረር በጉዞው ሁሉ ከውኃው ጋር፣ ሌላኛው ደግሞ ውኃውን እየተቃረነ እንዲሄድ አደረገ። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ የሚሠሩት የብርሃንና የጥላ መስመር ከቦታው ፈቀቅ አለ። ውኃው የሚፈሰው በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ነበር፤ ይህ ከብርሃን ፍጥነት አንጻር ከምንም የሚቆጠር አይደለም፤ ነገር ግን ብርሃን የራሱን ሞገድ መለኪያ አድርጎ ስለሚጠቀም ለውጡ በዓይን ታየ። ውኃ ለብርሃኑ የሚያካፍለው ከራሱ ፍጥነት 44 ከመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ ይህም የውኃ የብርሃን ስብረት መጠን 1.33 ከመሆኑ የሚመጣ ነው። ፋራዳይ በብርሃኑ መስመር ላይ የመግነጢሳዊ መስኩን ክፍል ደመረ፤ ፊዞ በብርሃኑ መስመር ላይ የፍጥነቱን ክፍል ደመረ። ሒሳቡ አንድ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍ «የመስመር ኢንቴግራል» ተብሎ የሚጠራው ደረቅ ምልክት ብርሃን በተፈጥሮው የሚሠራው ሥራ ነው።

መንገዱ ዝግ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ያማረ ይሆናል። የመስታወት ክር፣ ማለትም ኦፕቲካል ፋይበር፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ወፍራም ሽቦ ዙሪያ ተጠምጥሞ ፖላራይዝድ ብርሃን ቢላክበት፣ የጠለሉ ዙረት በክሩ ቀለበት ውስጥ ካለፈው ጠቅላላ የኤሌክትሪክ ጅረት ጋር እኩል ያድጋል። ሽቦው በቀለበቱ መሐል ይሁን ወይም ወደ አንድ ጎን ይጠጋ፣ ቀለበቱ ክብ ይሁን ወይም የተጣመመ፣ መልሱ አይለወጥም። ይህ የአምፔር ሕግ ነው፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ጅረትን ለመለካት በእርግጥ የሚሠራበት ዘዴ ነው። በውኃ በኩልም ብርሃን በዝግ መንገድ ዞሮ የሚደምረው በቀለበቱ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ አዙሪት ነው። ከገንዳ ሥር በቀዳዳ በሚወርድ ውኃ ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ከመሐሉ ርቆ ያለው ውኃ በሙሉ ይዞራል፤ ፍጥነቱም ከመሐሉ በራቀ ቁጥር፣ በሽቦ ዙሪያ ያለ መግነጢሳዊ መስክ እንደሚቀንሰው ሁሉ፣ በርቀቱ ልክ ይቀንሳል። ሁለት ሣር በመስቀል አሥሮ በላዩ ማንሳፈፍ ነው። መስቀሉ በመሐሉ ዙሪያ ይሄዳል፤ በራሱ ላይ ግን አይሽከረከርም ማለት ይቻላል፤ አንደኛው ጫፉ ወደ መስኮቱ ያመለክት ከነበረ ዞሮም ወደ መስኮቱ እንዳመለከተ ነው። ወደ መሐሉ ሲገባ ብቻ በድንገት በራሱ መሽከርከር ይጀምራል። መዞርና ከርል አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ይህ ንጽጽር መግነጢሳዊ መስክን ከውኃ ፍጥነት ጋር፣ ጅረትን ከአዙሪት ጋር ያስቀምጣል፤ ሄርማን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1858 ስለ አዙሪት በጻፈው ጥናቱ ያመለከተውም ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ብርሃን ሌላም ምስክርነት አለው። ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1856 የፋራዳይን ግኝት መርምሮ፣ ብርሃኑን የሚያዞረው መስክ ራሱ የመሽከርከር ጠባይ ሊኖረው ይገባል ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ፤ ጄምስ ክላርክ ማክስዌልም ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 መግነጢሳዊ መስክን በጥቃቅን አዙሪቶች የተሞላ ኅዋ አድርጎ ሣለ። አዙሪቶቹ እንደ ማሽን ጥርስ በእርግጥ አሉ ብሎ ዛሬ የሚያምን የለም፤ መሠረቱ ግን ትክክል ነበር። ይህን በመስታወት መፈተን ይቻላል። በሚዞር ውኃ አጠገብ መስታወት ብናቆም በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው አዙሪት ዙረቱ ተገልብጦ ይታያል፤ አጠገቡ ቀጥ ብሎ የቆመ በትር ግን በመስታወቱም ውስጥ ቀጥ እንዳለ ነው። ቆሞ የተጠቀለለ ሽቦም እንዲሁ ነው፤ በመስታወት ውስጥ የጅረቱ ዙረት ስለሚገለበጥ መግነጢሳዊ መስኩም ይገለበጣል። ስለዚህ በጠባዩ መግነጢሳዊ መስክ የሚመደበው ከአዙሪት ጋር እንጂ ከተራ ቀስት ጋር አይደለም።

ልዩነቱ በብርሃን ሙከራ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የስኳር ብጥብጥም የፖላራይዝድ ብርሃንን ጠለል ያዞራል፤ ብርሃኑ በመስታወት ተመልሶ በዚያው ብጥብጥ ውስጥ ሲያልፍ ግን ዙረቱ ይፈታና ወደ ነበረበት ይመለሳል። በመግነጢሳዊ መስክ የዞረው ግን ሲመለስ አይፈታም፤ እጥፍ ይሆናል። ለስኳሩ የዙረቱን አቅጣጫ የሚወስነው ብርሃኑ የሚሄድበት ወገን ሲሆን፣ ለማግኔቱ ግን የሚወስነው መስኩ ነው። ሌዘሮችን ከራሳቸው ተመላሽ ጨረር የሚጠብቀው መሣሪያ የተሠራው በዚሁ ነው፤ ሲሄድ 45 ዲግሪ፣ ሲመለስ ሌላ 45 ዲግሪ ዞሮ በመግቢያው ፖላራይዘር ይታገዳል።

ከከሰል ምድጃ በላይ የሚንቀጠቀጠውን አየር ደግሞ ከዚህ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ከምድጃው በስተጀርባ ነጠብጣብ የታተመበት ወረቀት ተለጥፎ፣ አንድ ጊዜ ምድጃው ሳይቀጣጠል፣ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ በኋላ ፎቶ ቢነሣ፣ ነጠብጣቦቹ በትንሹ ተዛውረው ይገኛሉ። የእያንዳንዱ ነጠብጣብ መዛወር ቀስት ነው፤ ነገር ግን የነፋሱ ቀስት አይደለም። የሚያሳየው የአየሩ እፍጋት ወዴት እንደሚጨምር፣ ማለትም ግራዲየንቱን ነው፤ ግራዲየንት ደግሞ ከርል የለውም። ውኃና መግነጢሳዊ መስክ ዳይቨርጀንስ የሌላቸው ሲሆኑ ይህ በተቃራኒው ከርል የሌለው ነው። ምስሉ ላይ ጭሱ እየተጠቀለለ ቢወጣም የነጠብጣቦቹ ቀስቶች በዝግ መንገድ ተደምረው ዜሮ ናቸው። ተማሪ ይህን ሳይለይ ቀስት ሁሉ ፍሰት ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ የገንዳና የምድጃ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየን ትልቁ ምሳሌ እዚሁ ከራሳችን በላይ አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተተከለ ፋብሪ-ፔሮ ኢንተርፌሮሜትር፣ ማለትም በብርሃን የሞገድ ርዝመት ላይ የሚታይን ጥቃቅን ለውጥ የሚለካ መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2015 እስከ ኤፕሪል 2016 በሰበሰበው መረጃ፣ ከምድር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከኢትዮጵያ ምድር ሆኖ ተለክቷል። በዚያ ከፍታ ያሉ የኦክስጅን አቶሞች ሌሊት 630 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ደካማ ቀይ ብርሃን ያመነጫሉ። አየሩ ወደ መሣሪያው ሲመጣ ሞገዱ በጥቂቱ ያጥራል፤ ሲርቅ ይረዝማል። በሰከንድ 100 ሜትር ለሚነፍስ ነፋስ ለውጡ 0.0002 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ይህን የሚለይ መሣሪያ በከተማችን መቆሙ እኔን እጅግ ያኮራኛል። ቦታውም በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ በጎጃም ሰማይ የምድር መስክ ከሞላ ጎደል አግድም ሆኖ ወደ ሰሜን ያመለክታል፤ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ የላይኛው አየር ይህን መስክ ቀጥ ባለ ማዕዘን ሲያቋርጥ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። የፈሳሹ መስክና የማግኔቱ መስክ የሚገናኙት እዚያ ነው።

የመሣሪያው ብርሃን ግን እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ ይነግራል፤ ወደ እርሱ የሚመጣውን ወይም ከእርሱ የሚርቀውን። ስለዚህ በየተራ ወደ አራቱ ማዕዘን ማየት ያስፈልጋል። መሣሪያው ከአድማስ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢያይ፣ የሚያየው አየር በየአቅጣጫው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀ ነው። ወደ ደቡብ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው ሰማይ፣ ወደ ምሥራቅ ሲያይ በወልዲያና በደሴ ሰማይ አቅራቢያ፣ ወደ ምዕራብ ሲያይ በሱዳን ድንበር አካባቢ ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ እይታ የምሥራቅ-ምዕራብ ነፋስን ይሰጣሉ፤ የሰሜኑና የደቡቡ የሰሜን-ደቡብን። የምሥራቁ ከምዕራቡ፣ የሰሜኑ ከደቡቡ ሲቀነስ የአየሩን መስፋፋት፣ ማለትም የአግድም ዳይቨርጀንሱን መገመት ይቻላል።

ከርሉ ግን አይገኝም። በወልዲያ ሰማይ ላይ አየሩ ወደ ሰሜን ቢሄድ፣ በሱዳን በኩል ወደ ደቡብ ቢሄድ፣ ይህ እንቅስቃሴ ከባሕር ዳር ወደ ስፍራው ለሚሄደው የእይታ መስመር ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠራ በቀዩ ብርሃን ላይ ምልክት አይተውም። በአናታችን ላይ ያለው የላይኛው አየር በሙሉ በባሕር ዳር ዙሪያ እንደ አንድ አካል ቢሽከረከር፣ መሣሪያው በሁሉም አቅጣጫ ዜሮ ያነብባል። አዙሪቱን ለማየት ያንኑ አየር ከሌላ ማዕዘን የሚያይ ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እንደ ገንዳው ሁለተኛ ካሜራ። በሰማይ ካርታው ላይ ሳሰላው ደብረ ማርቆስ ለዚህ የተመቸች ሆና አገኘኋት፤ ከባሕር ዳር በቀጥታ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ የሁለቱ ከተሞች የእይታ መስመሮች በምሥራቅና በምዕራብ ሰማይ ላይ ሰፋ ባለ ማዕዘን ይተላለፋሉ፤ በየመገናኛ ነጥቡም የነፋሱ ቀስት ሁለቱም አግድም ክፍሎች ይገኛሉ። የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎቻችን የጋራ የምርምር ሐሳብ ሲያቀርቡ ይህን ቢያስቡበት እወድዳለሁ፤ የሚያስፈልገውን የማዕዘን ስሌት ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ከአሁኑ ሊጀምረው ይችላል።